ባሪየም በናይትረስ ኦክሳይድ ደምቆ ያበራል፣ በኦክስጅን ግን ይጨልማል፦ ለምን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ባሪየምን በቫክዩም ዕቃ ውስጥ አግለው ያተንናሉ። ትነቱ በአርጎን (ከሌላ ጋር በማይዋሃድ ጋዝ) ተገፍቶ ከናይትረስ ኦክሳይድ (ሁለት ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ከያዘ ጋዝ) ጋር ሲገናኝ ደማቅ ብርሃን ይታያል። ናይትረስ ኦክሳይዱን ዘግተው ንጹህ ኦክስጅን ሲያስገቡ ግን ይጨልማል፤ የሚቀረው ደካማ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። "በሁለቱም የሚሠራው ያው ባሪየም ኦክሳይድ ነው። ኦክስጅን ደግሞ ባሪየምን በደንብ ያቃጥላል። ታዲያ ብርሃኑ የት ሄደ?" ይላሉ። አስከትለውም "አርጎን በጨመርኩ ቁጥር ብርሃኑ ይደምቃል። ግጭት ብርሃን ያጠፋል ተብሎ አልነበር እንዴ?" ብለው ይጠይቃሉ።

ሁለቱም ግሩም ጥያቄዎች ናቸው። ደስ ያለኝ ደግሞ ያዩትን ነገር በትክክል ማየትዎ ነው፤ ሁለቱም ውጤቶች እውነተኛ ናቸው። በኦክስጅንም ቢሆን ሪአክሽኑ አለ። ከሪአክሽኑ የሚተርፈው ኃይል ግን ኤሌክትሮን አንስቶ የሚታይ ብርሃን ለመስጠት አይበቃም። በናይትረስ ኦክሳይድ ግን ተርፎ ይበቃል። አርጎኑ ደግሞ ማብራት ሳይችሉ የቆዩ ሞለኪውሎችን ማብራት ወደሚችሉበት ሁኔታ ያሻግራቸዋል። አሁን በዝርዝር እንየው።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ሁልጊዜ የምጀምረው ከቦንድ፣ ማለትም አተሞችን አያይዞ ከሚይዘው ማሰሪያ፣ ሂሳብ ነው። አንድ የባሪየም አተም ከአንድ የኦክስጅን አተም ጋር ሲጣመር 5.8 ኤሌክትሮን ቮልት (በአተሞች ደረጃ ኃይል የሚለካበት አሃድ) ያህል ኃይል ይለቀቃል። ይህ ገቢው ነው። ወጪው ያንን የኦክስጅን አተም ከነበረበት ሞለኪውል ማላቀቅ ነው። ከኦክስጅን ሞለኪውል ማላቀቅ 5.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል። ከናይትረስ ኦክሳይድ ማላቀቅ 1.7 ብቻ ነው። ከኦዞን ከሆነ እንዲያውም 1.1 አይሞላም። ቀንሱት። በኦክስጅን የሚተርፈው 0.7 ነው። በናይትረስ ኦክሳይድ 4.1 ይተርፋል። በኦዞን 4.7 ይደርሳል።

ባሪየም ኦክሳይድ ለማብራትስ ስንት ይፈልጋል? በሚታየው ብርሃን ክልል ዋናውን ስፔክትረም (በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረውን ብርሃን) የሚሰጠው የነቃ ሁኔታ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ወደ ከፍተኛ ኃይል የተነሳበት ሁኔታ፣ "ኤ" ይባላል። ከመሠረታዊው፣ ማለትም ከዝቅተኛው ኃይል፣ ሁኔታ በ2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህን ወደ ሞገድ ርዝመት መቀየር ቀላል ነው፦ 1240ን በኤሌክትሮን ቮልቱ ያካፍሉ፣ መልሱ በናኖሜትር ይመጣል። 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት 590 ናኖሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። 0.7 ኤሌክትሮን ቮልት ግን ወደ 1770 ናኖሜትር ይሄዳል። ይህ ኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይን አያየውም። ደግሞም በ0.7 የሚደረስበት የነቃ የኤሌክትሮን ሁኔታ ባሪየም ኦክሳይድ የለውም። ስለዚህ ትርፉ ወደ ሞለኪውሉ ንዝረት፣ ሽክርክሪትና ፍጥነት ይሄዳል። በአጭሩ ሙቀት ይሆናል።

"ኦክስጅን በደንብ ያቃጥላል" የሚለው ሐሳብ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑን የሚወስነው ጋዙ የኦክስጅን አተሙን ለብረቱ (ብረት ስል እንደ ባሪየም ያለ ማንኛውንም ሜታል ማለቴ ነው) ለመስጠት ምን ያህል ፈቃደኛ ነው የሚለው ነው። የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለቱን አተሞቹን አጥብቆ ይዟል። ናይትረስ ኦክሳይድ ግን አተሙን የያዘው ላላ አድርጎ ነው፤ ሲለቀውም የሚቀረው እጅግ የረጋው ናይትሮጅን ነው። ለባሪየም ያን አተም መውሰድ በጣም ርካሽ ይሆንለታል።

ይህ ማለት ግን በኦክስጅን የሚያበራ ብረት የለም ማለት አይደለም። ይትሪየምን ይውሰዱ። አንድ ይትሪየምና አንድ ኦክስጅን የያዘው ሞለኪውል ቦንዱ ከ7 ኤሌክትሮን ቮልት ይበልጣል። 5.1 ሲቀነስ ከ2 በላይ ይተርፋል። የዚህ ሞለኪውል ዝቅተኛው የሚያበራ ሁኔታ ደግሞ 2 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። ሂሳቡ ለጥቂት ይሞላል። በእርግጥም የይትሪየም ትነት በተራ ኦክስጅን ውስጥ ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። ስለዚህ አዲስ የብረትና የጋዝ ጥምረት ከመሞከርዎ በፊት ይህን ቅነሳ በወረቀት ይሥሩት። ብዙ ልፋት ያተርፍልዎታል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። የተረፈው ኃይል በቂ መሆኑ ብቻውን ብርሃን አያመጣም። ሃይድሮጅን አተም ከክሎሪን ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ ወደ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ይተርፋል። ነገር ግን ሃይድሮጅን ክሎራይድ በዚህ ከፍታ የሚገኝ የነቃ የኤሌክትሮን ሁኔታ የለውም። የመጀመሪያው ከ5 በላይ ነው። ስለዚህ ኃይሉ ወደ ንዝረት ይገባና በኢንፍራሬድ ይወጣል። ኬሚስቱ ጆን ፖላኒ ይህን ደካማ የኢንፍራሬድ ብርሃን አንብቦ አዲስ የተወለደው ሞለኪውል ኃይሉን እንዴት እንደሚከፋፍል አሳየ። በ1986 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከዱድሊ ኸርሽባክና ከዩዋን ሊ ጋር የተካፈለውም በዚህ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ኬሚካዊ ሌዘርም በ1965 የተሠራው ከዚሁ ከሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው፤ እሱም የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነበር።

ብረት የያዙ ትናንሽ ሞለኪውሎች ለምን ይለያሉ? የብረቱ ውጫዊ ኤሌክትሮን ላላ ብሎ የተያዘ ስለሆነ ነው። ከባሪየም አተም አንድ ኤሌክትሮን ለመንቀል 5.2 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። ከናይትሮጅን ሞለኪውል ለመንቀል ግን 15.6 ያስፈልጋል። ላላ ያለ ኤሌክትሮን ማለት ተቀራራቢ የኃይል ደረጃዎች ማለት ነው። በዚህ የተነሳ እነዚህ ሞለኪውሎች ከ1 እስከ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ብዙ የነቁ ሁኔታዎች አሏቸው። የኬሚካዊ ሪአክሽን ትርፍ የሚያርፈውም፣ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሚገኘውም በዚሁ ክልል ነው። በእርስዎ ሪአክሽን ውስጥ የሚወጣው ሁለተኛው ምርት፣ ናይትሮጅን፣ የመጀመሪያው የነቃ ሁኔታው 6.2 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። በ4.1 አይደረስበትም። ስለዚህ በዚህ ሪአክሽን ኤሌክትሮን የሚነቃ ከሆነ የሚነቃው በባሪየም ኦክሳይዱ ላይ ብቻ ነው። ለጥናት ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ብርሃኑ የማን ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ባሪየም ከናይትረስ ኦክሳይድ ጋር ሲቀራረብ መጀመሪያ የሚሆነው የኤሌክትሮን ዝላይ ነው። ባሪየም በውጭ በኩል ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት። አንዱ ወደ ናይትረስ ኦክሳይዱ ይሻገራል። ናይትረስ ኦክሳይድ በተለመደው ሁኔታው ቀጥ ያለ ሞለኪውል ነው። ተጨማሪ ኤሌክትሮን ሲሸከም ይጎብጣል፣ የኦክስጅኑ ቦንድም ይላላል። ናይትሮጅኑ ተላቆ ይሄዳል። ባሪየሙ አጠገብ የሚቀረው አንድ ኤሌክትሮን የተቀበለ ኦክስጅን ነው። ባሪየሙ ደግሞ አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ አንዱን ገና እንደያዘ ነው።

አሁን ጥያቄው፣ ይህ የቻርጅ ክፍፍል የትኛውን የባሪየም ኦክሳይድ ሁኔታ ይመስላል? መሠረታዊው ሁኔታ ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠ ባሪየምና ሁለት የተቀበለ ኦክስጅን መልክ በብዛት አለበት። ዝቅተኛዎቹ የነቁ ሁኔታዎች ግን በአብዛኛው አንድ የሰጠና አንድ የተቀበለ ናቸው። አዲስ የተወለደው ሞለኪውል የሚመስለው እነዚህን ነው! ወደ መሠረታዊው ሁኔታ ለመድረስ ሁለተኛው ኤሌክትሮንም መዝለል አለበት። ሁለተኛው ሳይዘል ናይትሮጅኑ ከሄደ ሞለኪውሉ ከመጀመሪያው የተፈጠረው ከፍ ካለው ደረጃ ላይ ነው። እዚህ ሪአክሽን ውስጥ ኃይል መጀመሪያ ሙቀት ሆኖ ከዚያ ወደ ብርሃን አይለወጥም። ኤሌክትሮኑ ከጅምሩ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ነው ያለው። ነበልባል ሳይሆን ቀዝቃዛ ብርሃን የምንለው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሮን ዝላይ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጆን አባት ሚካኤል ፖላኒ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሶዲየም ትነትን ከክሎሪንና ከመሰሎቹ ጋር በዝቅተኛ ግፊት አገናኝቶ ሲያጠና፣ ሪአክሽኖቹ አተሞቹ ገና ሳይነካኩ የሚጀምሩ እስኪመስል ድረስ ፈጣን ሆነው ተገኙ። ማብራሪያው ኤሌክትሮኑ ከሩቅ ይዘላል፣ ከዚያ የተፈጠሩት ሁለት ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ የሚል ነው። በዘርፉ የሃርፑን ስልት ተብሎ ይታወቃል።

በዚያው የሶዲየም ሥራ ውስጥ ለእርስዎ ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠቅም ነገር አለ። የፖላኒ ነበልባሎች 589 ናኖሜትር ላይ ያለውን የሶዲየም ቢጫ ብርሃን ይሰጡ ነበር። የሚያበራው አዲሱ ሶዲየም ክሎራይድ አልነበረም። አንድ የክሎሪን አተም ሁለት ሶዲየም የተጣመሩበትን ሞለኪውል ሲመታ ወደ 3.5 ኤሌክትሮን ቮልት ይተርፋል፤ በኃይል የሚንቀጠቀጥ ሶዲየም ክሎራይድ ይፈጠራል። ይህ ሞለኪውል በኋላ ሌላ የሶዲየም አተም ሲመታ ኃይሉን ያስረክበዋል። የሶዲየም አተም ለመንቃት 2.1 ይፈልጋል፤ ያገኛል፤ ያበራል። ልብ ይበሉ፦ ያለዚያ ግጭት ብርሃን የለም። ግጭት ብርሃን ገዳይ ብቻ ሳይሆን ብርሃን አቀባይም ሊሆን ይችላል።

የእርስዎ አርጎን የሚሠራውም የዚህ ዘመድ የሆነ ሥራ ነው። የባሪየም ኦክሳይድ "ኤ" ሁኔታ ብቻውን አይደለም። በኃይል የሚጎራበቱት ሌሎች የነቁ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው የሁለት ኤሌክትሮኖች ስፒን (እንደ መሽከርከር የሚታሰብ ባሕርያቸው) ተቃራኒ የሆነበት ነው፤ ይህን ሲንግሌት እንለዋለን። ሌላው ሁለቱ ስፒኖች ወደ አንድ አቅጣጫ የሆኑበት ነው፤ ይህንን ትሪፕሌት እንለዋለን። እነዚህ ጎረቤቶች ወደ መሠረታዊው ሁኔታ የሚያወርድ ፈጣን መንገድ የላቸውም። ብርሃናቸውን የሚለቁት በዝግታ ነው። ሪአክሽኑ ደግሞ ብዙዎቹን አዳዲስ ሞለኪውሎች የሚጥለው እዚህ ነው። እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ ይቁጠሯቸው፤ ይሞላሉ፣ ግን ቧንቧቸው ጠባብ ነው።

ግፊቱ በጣም ዝቅ ሲል፣ ማለትም አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ ሲጓዝ፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ብዙም ሳያበሩ ከእይታ መስኮትዎ ያልፋሉ፤ ግድግዳ ላይም ያርፋሉ። እርስ በርስ ግጭት በሌለበት የአተም ጨረር ሙከራ ከተፈጠሩት ሞለኪውሎች ብርሃን የሚሰጡት ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ናቸው። ስፔክትረሙም የተበተነና ለማንበብ የሚያስቸግር ይሆናል። አርጎን ሲጨመር ግጭቱ ሞለኪውሉን ከማጠራቀሚያው ወደ "ኤ" ያሻግረዋል። ደረጃዎቹ ተቀራርበው የተደራረቡ ስለሆነ ለመሻገር ትንሽ ግፊያ ይበቃል። ባሪየም ከባድ አተም መሆኑም ይረዳል፤ በከባድ አተሞች ውስጥ ስፒን አይለወጥም የሚለው ሕግ ይላላል፣ ትሪፕሌቱም ሙሉ በሙሉ ትሪፕሌት አይሆንም። አንዴ "ኤ" ላይ የደረሰ ሞለኪውል ደግሞ በ0.4 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ፎቶኑን (የብርሃን ቅንጣቱን) ይለቃል። ውጤቱ ያዩት ነው፦ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ስፔክትረሙም ሥርዓት ይይዛል።

ታዲያ አርጎኑ "ኤ"ን ራሱን ለምን አያጠፋውም? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የጊዜ ነው። 1 ቶር (ከተለመደው የአየር ግፊት 760ኛው እጅ) አካባቢ አንድ ሞለኪውል በግምት በየ0.1 ማይክሮ ሰከንዱ ይጋጫል። ስለዚህ "ኤ" ፎቶኑን ከመልቀቁ በፊት የሚያጋጥሙት ጥቂት ግጭቶች ናቸው። በተለመደው የአየር ግፊት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ሁለተኛው የአርጎን ባሕርይ ነው። አርጎን የሚንቀጠቀጥ ቦንድ የለውም። የመጀመሪያው የነቃ ሁኔታውም ከ11 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ነው። 2 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሰጠው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ግን ንዝረት አላቸው፤ ኦክስጅን እንዲያውም ከ1 እስከ 1.6 ኤሌክትሮን ቮልት መካከል ሁለት የነቁ ሁኔታዎች አሉት። እነዚህ ጋዞች ብርሃንን በማጥፋት የበረቱ ናቸው። ናይትረስ ኦክሳይዱን ከልክ በላይ ቢጨምሩ ብርሃኑ ሲወርድ የሚያዩት ለዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አርጎን ሲጨምሩ የሚለወጠው የግጭት ብዛት ብቻ አይደለም። አርጎኑ ትነቱን ይዞ የሚጓዝም ነው። ብዙ ባሪየም ወደ እይታ መስኮቱ አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ሪአክሽኑን ሰብስቦ በጠባብ ቦታ ላይ እንዲካሄድ አድርጎም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ብርሃኑ ይደምቃል፣ ከማጠራቀሚያው ታሪክ ጋር ግን አይገናኝም። መፍትሔው ባሪየሙን በዚያው ሰዓት መለካት ነው። የባሪየም አተም 553.5 ናኖሜትር ላይ ጠንካራ መስመር አለው። በዚያ የሞገድ ርዝመት ብርሃን አሳልፈው ምን ያህሉ እንደተዋጠ ይመዝግቡ። ከዚያ የሞለኪውሉን ብርሃን ሪአክሽን ላደረገው ባሪየም ያካፍሉት። ጭማሪው ከዚህ በኋላም ካለ ያኔ አርጎኑ በእርግጥ አሻጋሪ ነው።

ስፒንን ካነሳን አይቀር ቆርቆሮን (ቲን የተባለውን ሜታል) መጥቀስ ተገቢ ነው። የቆርቆሮ አተም መሠረታዊ ሁኔታው ትሪፕሌት ነው። ናይትረስ ኦክሳይድና ናይትሮጅን ሲንግሌት ናቸው። ስፒን ከተጠበቀ የሚወለደው የቆርቆሮ ኦክሳይድ ሞለኪውል ትሪፕሌት መሆን አለበት። መሠረታዊ ሁኔታው ግን ሲንግሌት ነው። ስለዚህ ስፒኑ ራሱ ሪአክሽኑን ወደ ነቃው ሁኔታ ይመራዋል። በዚህ የተነሳ የቆርቆሮና የናይትረስ ኦክሳይድ ሪአክሽን ከሚታወቁት ሁሉ ብርሃን በመስጠት የላቀ ውጤት ካላቸው መካከል ነው። በ1970ዎቹ ብዙ ላቦራቶሪዎች እንዲህ ዓይነቶቹን ሪአክሽኖች አጥብቀው ያጠኑት በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ኬሚካዊ ሌዘር ፍለጋ ነበር። ሌዘሩ በዚያ መንገድ አልተገኘም። ዛሬ ስለነዚህ ሞለኪውሎች የምናውቀው ብዙ ነገር ግን የዚያ ፍለጋ ፍሬ ነው።

ስፔክትሮሜትር ካለዎት ከዚህ ብርሃን ሌላ ነገርም ማውጣት ይችላሉ። የስፔክትረሙን ሰማያዊ ጫፍ ይፈልጉ፤ ማለትም ብርሃኑ የሚጀምርበትን አጭሩን የሞገድ ርዝመት። ያ ፎቶን ሪአክሽኑ ከሰጠው ኃይል በላይ ሊሸከም አይችልም። ለምሳሌ ጫፉ 400 ናኖሜትር ላይ ቢሆን ፎቶኑ 3.1 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለናይትረስ ኦክሳይድ ቦንድ የወጣውን 1.7 ሲደምሩበት 4.8 ይመጣል። አተሞቹ ሲገናኙ ይዘውት የመጡትን ትንሽ የሙቀት ኃይል ይቀንሱ። ከዚያ የብረት ኦክሳይዱ ቦንድ ቢያንስ ይህን ያህል ነው ብለው በልበ ሙሉነት መናገር ይችላሉ። ለብዙ ብረቶች የቦንድ ጥንካሬ ዝቅተኛ ወሰን የታወቀው በዚህ ዘዴ ነው። ዘዴው የሚሠራው አንድ ግጭት ብቻ በሚካሄድበት ዝቅተኛ ግፊት እንደሆነ ግን አይርሱ። ግፊቱ ከፍ ሲል ሁለት የነቁ ቅንጣቶች ኃይላቸውን ደምረው ከልክ ያለፈ ፎቶን ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሂሳብዎም ይበላሻል።

የጨለመውን የኦክስጅን ሪአክሽንስ ማጥናት ይቻላል? ይቻላል፤ ያውም ታሪክ ያለው ነው። በ1972 የኬሚስቱ ሪቻርድ ዜር ቡድን የባሪየምንና የኦክስጅንን ሪአክሽን ወስዶ የተፈጠረውን ጨለማ ባሪየም ኦክሳይድ በሌዘር አበራው። ሌዘሩ ሞለኪውሉን ወደ "ኤ" ያነሳዋል፤ ሞለኪውሉ ሲወርድ ያበራል። የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት ቀስ እያሉ ሲለውጡ የትኛው ንዝረትና የትኛው ሽክርክሪት ላይ ስንት ሞለኪውል እንዳለ ይታወቃል። ያ 0.7 ኤሌክትሮን ቮልት የት እንደገባ የታየው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በየላቦራቶሪው የተለመደው ይህ የሌዘር ዘዴ የሪአክሽን ምርቶችን ለማንበብ ሲውል መነሻው ይኸው የእርስዎ ሪአክሽን ነው።

ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ብቻ ነገር እንዳይመስልዎ። ከምድር 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከሚቃጠሉ ተወርዋሪ ኮከቦች የቀረ ቀጭን የሶዲየም አተም ንብርብር አለ። ሌሊት ሌሊት ቢጫ ያበራል። ሲድኒ ቻፕማን በ1939 ያቀረበው ማብራሪያ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሶዲየም ከኦዞን አንድ አተም ይወስዳል። ቀጥሎ ሶዲየም ኦክሳይዱ ከኦክስጅን አተም ጋር ሲጋጭ ሶዲየሙ ይለቀቃል፣ የኦክስጅን ሞለኪውልም ይፈጠራል። ሂሳቡን እንሞክር። የሶዲየም ኦክሳይድ ቦንድ 2.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ትርፍ 1.7 ነው፤ ለ2.1 አይበቃም። የሁለተኛው 5.1 ሲቀነስ 2.8፣ ማለትም 2.3 ነው። ይበቃል፣ ያውም ለጥቂት። ሶዲየሙ ነጻ ሆኖ ስለሚወጣ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ተራው ብረትም (አይረን) እዚያው ከፍታ ላይ ከኦዞን ጋር ተገናኝቶ የአይረን ኦክሳይድ ሞለኪውል ይሠራል፤ እሱም ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። አንዳንድ ትልልቅ ተወርዋሪ ኮከቦች ካለፉ በኋላ ለደቂቃዎች የሚቆየው ጭራ ላይ ይህ የአይረን ኦክሳይድ ብርሃን ተለክቷል። ሳይንቲስቶችም ይህን ተፈጥሯዊ ሥራ ይኮርጁታል፤ ትራይሜቲል አሉሚኒየም በሮኬት ወደ ላይ ወስደው ይለቃሉ፣ በሌሊት የሚያበራውን ጭጋግ ተከትለው የላይኛውን ነፋስ ይለካሉ።

የርችት ቀለም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ስለሚደባለቅ ላንሳው። የርችቱ አረንጓዴ የባሪየም ክሎራይድ ቁራጭ ሞለኪውል ነው፣ ማለትም አንድ ባሪየምና አንድ ክሎሪን። ቀዩም የስትሮንቲየም ተመሳሳይ ሞለኪውል ነው። አብሪዎቹ ትናንሽ ብረት ያዘሉ ሞለኪውሎች መሆናቸው ከኛ ጉዳይ ጋር ያመሳስላቸዋል። እዚያ ግን በዋናነት የሚያነቃቸው የነበልባሉ ሙቀት ነው። በእርስዎ ዕቃ ውስጥ ያለው ጋዝ ግን ብርሃኑ ከሚጠቁመው ሙቀት እጅግ የቀዘቀዘ ነው።

ሌላም ልጨምር፦ ብርሃኑን የተመቸ ያደረገው ያ ላላ ያለ ኤሌክትሮን ዛሬ ሌላ ሥራም አግኝቷል። በስትሮንቲየም ፍሎራይድ ሞለኪውል ውስጥ ብቸኛው ኤሌክትሮን ከቦንዱ ተገፍቶ ከስትሮንቲየሙ ጀርባ ይቀመጣል። ቢነቃም ቦንዱን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ሞለኪውሉ ፎቶን ወስዶ ሲመልስ ወደ ነበረበት ንዝረት ይመለሳል፣ ይህንንም ደጋግሞ ማድረግ ይችላል። በ2010 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ባሕርይ ተጠቅመው ሞለኪውሉን በ663 ናኖሜትር ሌዘር አቀዘቀዙት። በሌዘር የቀዘቀዘ የመጀመሪያው ሞለኪውል ይህ ነበር።

በመጨረሻ ወደዚያ በኦክስጅን ውስጥ ወደቀረው ደካማ አረንጓዴ። ሂሳቡ ባሪየም ኦክሳይድ አይደለም ይለናል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማሞቂያዎን ነው። የጋለ ማሞቂያ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ በውስጡ 553.5 ናኖሜትርም አለ። የባሪየም አተም ይህን ይውጥና በሁሉም አቅጣጫ ይመልሰዋል። ዓይን ላይ አረንጓዴ ጭጋግ መስሎ ይታያል። ሁለተኛው ጥርጣሬዬ በቧንቧው ውስጥ የቀረ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ስፔክትሮሜትሩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ከታየ አተም ነው፤ ብዙ መስመሮች ተጠጋግተው የሠሩት ሰፊ ባንድ ከታየ ሞለኪውል ነው። ስፔክትሮሜትር ባይኖር ደግሞ ኦክስጅኑንም ዘግተው በአርጎን ብቻ ይመልከቱ። አረንጓዴው እንዳለ ከቀጠለ የሪአክሽን ብርሃን አይደለም፤ ማሞቂያውን በብረት ቆርቆሮ ከልለው ሲያዩት መጥፋት አለበት። ዕቃውን ሲከፍቱ ግን ጓንትና ጭንብል ይልበሱ፤ ግድግዳው ላይ የተቀመጠው ነጭ ዱቄት የባሪየም ውህድ ነው፣ በውሃ የሚሟሙት የባሪየም ውህዶች ደግሞ መርዝ ናቸው።